እናቴ የመረቀችው ዲዛይነር

ዛሬ እናቴ፣ እኔ ዲዛይነር ልጇ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ሌላ ዲዛይነር መረቀች።

በዴሳ ከተማ ውስጥ እህል ትነግዳለች። ልጠይቃት ከሶዶ ሄጄ ሱቋ ውስጥ እያወራን ሳለ ስልኳን አውጥታ አዲሱን የእህል ገበያ አፕ ከፈተች። የበቆሎውን ምስል ስትነካው ፍሬዎቹ እየዘለሉ ጆንያ ውስጥ ገቡ፣ የዕለቱ ዋጋም ብቅ አለ።

"ይህን የሠራውን ልጅ ጌታ ይባርከው" አለች በወላይትኛ። "ማንበብ ሳልችል ገባኝ።"

የሠራው የኮሌጅ ጓደኛዬ ማርቆስ ነው። ለዚያ ሥራ ሁለታችንም ተወዳድረን እሱን መረጡት። ያኔ የእኔን ንድፍ ሳሳያት "ያምራል" ብላ ስልኬን መልሳልኝ ነበር።

ቅናት አንገበገበኝ። ስልኳን ተቀብዬ እንከን ፍለጋ ገጹን ሁሉ በረበርኩ። (የፊደል ግድፈት እንኳ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።) ምንም የለውም።

"ታውቀዋለህ እንዴ?" አለችኝ።

"ጓደኛዬ ነው" አልኳት እንደምንም።

"እንግዲያው ደውልልኝና ላመስግነው።"

በስልኬ ደወልኩ። መርቃው ስትጨርስ ስልኩን ሰጠችኝ።

"አንተስ ወደድከው?" አለኝ ማርቆስ።

"በጣም። ለዚህ ነው የተናደድኩት" አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

የቀናችሁበትን ሰው በገዛ ስልካችሁ ደውላችሁ ያስመረቃችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።