አባቴ ፊልም ሲያርም

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ሶዶ የነበረው ቪዲዮ ቤታችን ይመለስብኛል፤ በክረምት የጣሪያው ጩኸት የፊልሙን መድፍ ሳይቀር ስለሚውጠው፣ አባቴ ዱላውን ተደግፎ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እየቆመ ታሪኩን በወላይትኛ ይተርክ ነበር። እንግሊዝኛ አይችልም፤ ጦርነት ግን ያውቃል። ሰሜን ዘምቶ እያነከሰ የተመለሰ ወታደር ነበር።

ችግሩ ውሸት አለመቻሉ ነው። የድሮ የጦርነት ፊልም እያሳየ፣ የሰዉ ልብ በተንጠለጠለበት ሰዓት ያቆመውና፣ «ይሄ ውሸት ነው፤ መትረየስ እንዲህ ሳያርፍ ከተተኮሰ አፈሙዙ ይግላል» ብሎ ማስተማር ይጀምር ነበር። ጎረምሶቹ ያፏጫሉ፣ ከፊሎቹም ተነስተው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቪዲዮ ቤት ይሻገሩ ነበር። እናቴ ባዶውን አግዳሚ እየጠረገች፣ «አንተ ሰው፣ ሰዉ የመጣው ሊዝናና ነው፤ ልጆችህን ምን ልታበላ ነው?» ትለዋለች። እሱም «ለሞቱትስ ማን ይናገርላቸው?» ይላት ነበር። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በእሱ አፍር ነበር።

አንድ ዓመት ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ዘመድ ከገሱባም ከበዴሳም ገብቶ ቤቱ ጢም አለ። በራችን ላይ ቆሎ የምትሸጠው እትዬ ቦጋለችም ገብታ ተቀመጠች። ልጇ ዳና ከአባቴ ጋር ዘምቶ አልተመለሰም፤ «ወዲያው ነው ያለፈው፣ ስምሽን ጠርቶ» ብሎ ያረዳት አባቴ ነበር። ፊልሙ ላይ አንድ የቆሰለ ወታደር በጓደኛው ክንድ ላይ ሆኖ ረጅም ኑዛዜ ሲናዘዝ፣ ሴቶቹም እንባቸውን ሲጠርጉ፣ አባቴ አቆመው።

«ሰው እንዲህ አይሞትም» አለ። «ውሃ ነው የሚለምነው። ውሃ ደግሞ የለም።»

እትዬ ቦጋለች ቀስ ብላ፣ እንደ ልማዷ በእኔ ስም እየጠራችው፣ «የአስቴር አባት፣ የእኔም ልጅ ለመነህ?» አለችው።

አባቴ ዱላውን ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረ። «የእሱ ወዲያው ነበር፣ እትዬ» አለና ፊልሙን አስቀጠለ፤ ድምፁ ግን እኔ የማውቀው ድምፅ አልነበረም።

በጊፋታ ቂም ይዞ ዓመት መሻገር ነውር ነውና በማግስቱ ሰላም ልትለው መጣች፤ ስለ ልጇም ደግማ አልጠየቀችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከቆሎ ቅርጫቷ አጠገብ አንድ ጀሪካን ውሃ እያስቀመጠች፣ ለጠየቃት ሁሉ በጣሳ ቀድታ በነጻ ታጠጣ ነበር።

በዚያ በጋ አባቴ አንድም ፊልም አላቋረጠም። ለሚሞተው ሁሉ ከራሱ ረጅም ንግግር እየፈጠረ ይተርክለት፣ ቤቱም ይሞላ ነበር፤ እናቴ ደስ አላት፣ እሱ ግን ሰው ሲወጣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ለመነሳት እንኳ ይታክተው ነበር።

ዛሬ እኔም ከሥራ ደክሞኝ ስገባ፣ ልጆቼ በስልክ የጦርነት ፊልም ሲያዩ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። መሣሪያው ልክ ነው፣ የደንብ ልብሱ ልክ ነው፣ ጭቃው ሳይቀር ልክ ነው፤ አባቴ ቢኖር የሚያርመው ብዙ አያገኝም ነበር። የሚሞተው ሰው ግን አሁንም ይናገራል፣ ይናገራል። «እማዬ፣ እውነት እንዲህ ነው የሚሞቱት?» ይሉኛል። «እንዲህ ነው» እላቸውና ውሃ ልጠጣ እነሳለሁ።