ያሳበቀብኝ ነጭ ጭስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ጥቅምት ውስጥ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው የመኪና ጉዳይ ስለሆነ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣ በስድሳ አራት ዓመቴ፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ስዋሽ ስለተያዝኩ ነው።

መኪናዬ አሮጌ ናት። ከእኔና ከባለቤቴ ከአስናቀች ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። አስናቀች ጎጃም በረንዳ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። ጠዋት ጠዋት ከኮልፌ ይዣት እወጣና ሱቋ አድርሻት ወደ ትምህርት ቤቴ እሄድ ነበር። እሑድ ደግሞ ከከተማ ወጣ እንል ነበር። ይህ ነገር ከመድረሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አረፈች። እኔም ጡረታ ወጥቼ ስለነበር ቤቱና መኪናዋ ብቻ ቀሩኝ።

አንዲት ልጃችን አግብታ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር መኪናዋን እንድሸጥ ትመክረኛለች። እኔ ደግሞ መኪና ከሌለኝ እንዴት ወዲያ ወዲህ እላለሁ ብዬ እሟገታታለሁ።

ጥቅምት ሲገባ መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ መትፋት ጀመረች። የብርዱ ነው ብዬ ተውኩት፤ ጭሱ ግን እያደር ግቢውን ይሞላው ጀመር። የሰፈራችንን መካኒክ ጠራሁት። የሞተሩን ዘይት መሙያ ክዳን ከፍቶ አሳየኝ። ከክዳኑ ሥር እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል አለኝ። ከሞተሩ ራስ ሥር ያለችው ስስ ማሸጊያ፣ እነሱ ጓርኒሲዮን የሚሏት፣ ተቃጥላለች፤ ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ወርዶም መዳኑን እንጃ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳለች ገዝቶ ፈታትቶ የሚሸጥ ሰው እንደሚያውቅ ነገረኝ።

ልጄ ይህን ስትሰማ ክርክሩን የረታች መሰላት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። አስናቀች የምትቀመጥበት ወንበር ብቻውን ተነቅሎ፣ የማንም ሱቅ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይታየኛል። ማሸጊያዋን ራሴ ገዝቼ ሌላ መካኒክ ልሞክር ብዬ በማግስቱ ወደ ሶማሌ ተራ ነዳሁ።

እዚያ ሰፈር መኪና ይዞ የገባ ሰው መከራውን ነው የሚያየው። ስፖኪዮ ነው፣ ፍሬቻ ነው፣ ምን ልስጥዎት እያሉ ከመስኮቱ የሚጎትቱኝን ሁሉ አልፌ አንዲት ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ ጋ ቆምኩ። ባለቤቱ ሐጂ ከድር ይባላሉ። ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣሉ። ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት ለረጅም ጊዜ መካኒክ እንደነበሩ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ጓርኒሲዮኑን ጠየቅኳቸው። ዕቃው ከጀርባቸው ተሰቅሎ ይታየኛል፤ እሳቸው ግን አላወረዱትም። ማን እንዳዘዘልኝ፣ ጭሱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁኝ ጀመር። መቸኮሌን ነገርኳቸው።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉና ወደ መኪናዋ ወጡ።

ሞተሩ ስለሞቀ አሁን ምንም አይናገርም አሉኝ። እስኪበርድ ከሱቁ ጎን ባለች ክፍት ቦታ እንዳቆማት አደረጉና ለሶላት ሄዱ፤ ምሳቸውንም በልተው እንደሚመለሱ፣ እንድጠብቃቸው ነገሩኝ። ካርቶን ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ተሸካሚው፣ ጋሪ ገፊው፣ ገበያተኛው በፊቴ ይተራመሳል፤ ሁሉም የሚደርስበት አለው። ጠብቀኝ፣ እመጣለሁ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበርና፣ መጠበቁ ራሱ ደስ አለኝ። ሰው እንዲህም ይሆናል።

ሲመለሱ ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ጥቁር ጭስ ቤንዚን ሲበዛ ነው፣ ሰማያዊ ዘይት ሲቃጠል ነው፣ ነጭ ውሃ ነው አሉኝ፤ ጥያቄው ውሃው ከየት መጣ የሚለው ነው። ራዲያተሩን ከፈቱት፤ ሙሉ ነው። ውሃ እየጨመርኩበት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ጨምሬ አላውቅም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሹት። ጠቁሯል እንጂ ነጭ የሚባል ነገር የለበትም። እርጎው ያለው ክዳኑ ሥር ብቻ ነው። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ነጩ ጭስ ወጣ፤ ራዲያተሩ ውስጥ ግን አንድም አረፋ አልታየም፤ ማሸጊያዋ ተቃጥላ ቢሆን ይታይ ነበር አሉ። ጭስ ማውጫው ላይ ካርቶን ይዘው ጠብታውን አሸተቱት፤ እኔንም አስሸተቱኝ። ንጹህ ውሃ ነው።

ከዚያ በቀን ምን ያህል እንደምነዳት ጠየቁኝ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። በየቀኑ እንደምነዳት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ከወዳጆቼ ጋር ቢሾፍቱ ደርሰን እንደምንመለስ ነገርኳቸው። ቢሾፍቱ ላይ የምንበላውን ዓሣ ሳይቀር ጨመርኩበት።

ሐጂ አልተከራከሩኝም። የሾፌሩን በር ከፈቱ። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ቀኑና ኪሎ ሜትሩ የሚጻፍባት ወረቀት ተለጥፋለች። የመጨረሻውን የጻፈችው አስናቀች ናት። ወረቀቷን አነበቡና ጎንበስ ብለው የመኪናዋን ቆጣሪ አዩ። በሁለት ዓመት ውስጥ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር አልሞላም። እኔም ተማሪ የምይዘው እንዲህ ነበር፤ ምንም ሳልናገር ደብተሩን እገልጥ ነበር።

"ይቺ መኪና የትም አትሄድም እኮ" አሉኝ ቀስ ብለው።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ማደርም አላስፈለገው።

እውነቱን ነገርኳቸው። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስነሳታለሁ። ባትሪዋ እንዳይሞት ነው እላለሁ ለራሴ። አስናቀች ነጠላዋን እያስተካከለች ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው። ሞተሩ ሲሰማ ቤቱ ሰው የሚወጣበት ቤት ይመስላል። አሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጬባት አጠፋታለሁና ወደ ቤት እገባለሁ።

ለምን ከግቢ እንደማላወጣት ጠየቁኝ።

"የማደርሰው ሰው የለኝም" አልኳቸው።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያውም ለማላውቀው ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ መሐል። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ሞተሩ መልሰው ኮፈኑን ዘጉልኝ።

መኪናዋ አልታመመችም አሉኝ። አሥር ደቂቃ ተነስታ ስትጠፋ ሞተሩ በደንብ ሳይግል ይቀራል፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ክዳኑ ሥርና ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል። ቆሞ ማሞቅ ከእንግዲህ እንዲቀር፣ ዘይቱን እንድቀይር፣ በሳምንት አንድ ቀን ቢያንስ የአንድ ሰዓት መንገድ እንድነዳት አዘዙኝ።

"ወዴት?" አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ሞኝነቴ የገባኝ።

ሐጂ ወደ ሱቃቸው፣ ወደተሰቀለው ዕቃ ሁሉ ዞር ብለው አዩ። "እሱ እንኳን እኔ ዘንድ የለም" አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም። ጓርኒሲዮኑንም ሳይሸጡልኝ ሸኙኝ።

ዘይቱን አስቀየርኩ። እሑድ ጠዋት በቡራዩ አድርጌ ሆለታ ድረስ ነዳኋት። መንገድ ዳር አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ ከኋላዋ ቆምኩ። ጭስ የለም። ደስ ብሎኝ ለመናገር ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም። ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ።

ማታ ልጄ ደወለች። መኪናዋ እንደዳነች፣ እንደማልሸጣትም ነገርኳት። ሆለታ ከማን ጋር እንደሄድኩ ጠየቀችኝ። ለእሷም እንደ ሐጂ ስነግራት የኖርኩት የጓደኞቼ ስም ምላሴ ላይ ነበር።

"ብቻዬን" አልኳት። "እስከዛሬም ብቻዬን ነበርኩ።"

በስልኩ ውስጥ ማልቀሷን ሰማሁ።

ሐጂ ከድር ያዳኑልኝ መኪናዋን ነው። ስለ እኔ የገቡት ቃል የለምና አልቀየማቸውም። አሁንም ቤቱ ጭር እንዳለ ነው፤ አንዳንድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቁልፉን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እሑድ እሑድ እነዳለሁ። ማታ ልጄ ትደውልና የት እንደዋልኩ ትጠይቀኛለች። የሄድኩ ቀን የሄድኩበትን እነግራታለሁ። ያልሄድኩ ቀን፣ አልሄድኩም እላታለሁ።