ለልክ የተዋሰችው ስም

ዛሬ አሶሳ ቤቴ ዱቄት ስነፋ፣ የወንፊቱ ሿ ሿ ማለት በልጅነቴ ወንበራ ወረዳ ስንኖር የፈራሁበትን ቀን መለሰብኝ።

እናቴ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ለቅሶ ቤት ገብታ አፏን ስትከፍት ሰዉ ሁሉ፣ "ከየት ይመጣላታል!" ይል ነበር። እኔም ድንገት የሚመጣላት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ወባ ይዞኝ መደብ ላይ ተኝቼ ሳለ፣ ወንፊቱን እያወዛወዘች ቀስ ብላ ስታዜም ሰማኋት፦

ማማው ባዶ ቀረ፣ ወፍ በላው ማሽላ፤
ደብሬ ከተኛችማ ማን ይጠብቅ ሌላ።

ማማ ላይ ወጥታ ወፍ የምትጠብቀው ደብሬ እኔ ነበርኩ። የሞትኩ መሰለኝ። እጄን ነከስኩት፤ ሲያመኝ ጊዜ ጮህኩ።

እናቴ ሮጣ መጥታ በዱቄታም እጇ ግንባሬን ዳበሰችኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ስምሽን ለልክ ተዋስኩት እንጂ አንቺንስ አልነካሁሽም። እዚህ ካልገጠምኩት ለቅሶ ቤት ያንቀኛል። እዚያ ስደርስማ እንባው ራሱ ይለውጠዋል" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ወንፊት ባነሳች ቁጥር ጆሮዬን እደፍን ነበር።

ሙያዋን የወረስኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ነገሩ ገብቶኛል፦ ሙሾውን ቀድማ ቤት ስትገጥም፣ በሟቹ ስም ቦታ የእኔን አስገብታ የስንኙን ልክ ትሞክር ነበር። ዛሬ እናቴ ታማ እኔ ቤት ጓዳ ተኝታለች፤ እህል ከቀመሰች ሰንብታለች። ሳላስበው ከወንፊቱ ጋር አንድ ስንኝ ሳንጎራጉር ኖሮ፣ የእሷን ስም ከገዛ አፌ ሰማሁት። እጄ ቀጥ አለ።

"ደብሬ" አለች ከውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ። "ስሜን ለልክ ነው የተዋስሽው፣ አይደል?"