እርሳስ ያልነካው ገጽ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ካስትሮ ቫሊ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቶ አንድ የድሮ ተከታታይ ድራማ ያሳይ ነበር። ነጭ ቆብ የደፉ የነርሶች አለቃ አንዱን ወጣት ሐኪም ሲቆጡ አየሁ። ሚስ አይሪን! ሳላስበው ከወንበሬ ተነሣሁ። እንግዳ ተቀባይዋ የተጠራሁ የመሰለኝ መስሏት፣ ተራዎ ገና ነው ለማለት «ኖት ዬት፣ ማም» አለችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ የጥርሴንም ሕመም ረሳሁት።

ኦክላንድ እሳቸው ቤት አንድ ክፍል የተከራየሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ለትምህርት መጥቼ፣ አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ መመለሻ ያጣሁበት ጊዜ ነው። ሚስ አይሪን ወጣትነታቸውን ኒው ዮርክ መድረክ ላይ አሳልፈው፣ ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት በቴሌቪዥን የነርሶች አለቃ ሆነው ተጫውተዋል። ድራማው ሲያበቃ የሚጠራቸው ጠፋና ከእናታቸው ወደወረሱት ቤት ተመለሱ። አብረን ገበያ ስንወጣ ሰዎች ቲማቲም መምረጣቸውን ትተው የእውነት ነርስ እንደሆኑ ሁሉ ስለ ገዛ ደም ግፊታቸው ያማክሯቸው ነበር። እሳቸውም ምንም ሳይመስላቸው «ጨው ቀንስ» ብለው ያልፋሉ። «ቴሌቪዥን አበላኝ፤ ያኖረኝ ግን መድረክ ነው» ይሉኝ ነበር።

በዝናቡ ወራት አንድ ቀን ከሳን ሆዜ አንድ ቲያትር ቤት ተደወለ። እናት ሆኖ የመጫወት ሚና ነው፤ ትልቅ ሚና። ስልኩን ዘግተው ወጥ ቤት መሐል ቆመው አለቀሱ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር።

«ይቺ ካመለጠችኝ ሌላ የለም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ማጥናት ጀመርን። የእኔ ሥራ ቃለ ተውኔቱን ይዤ የሌሎቹን ተዋንያን ንግግር ማንበብ ነው። ሕጋቸው አጭር ነበር።

«ስጠይቅሽ ብቻ ንገሪኝ። የሳትኩበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ አስምሪበት። እንዳታዝኚልኝ።»

እንዳታዝኚልኝ! እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲሳሳት አንገቴን ደፍቼ ያደግኩ ነኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን ሦስተኛው ገጽ ላይ ቃሉ ጠፋቸው። ቅቤ የተቀባ ዳቦ እንደያዙ ዓይናቸው ተንከራተተ። አላስቻለኝም፤ ሻይ የምቀዳ መስዬ ጎንበስ አልኩና የመጀመሪያዋን ቃል ሹክ አልኳቸው። ቀጠሉ። እርሳሱን አላነሣሁም። በነጋታው ሁለት ቦታ ሆነ፣ በሳምንቱ ስድስት። እኔም እየተካንኩ ሄድኩ፤ ሊጠፋቸው ሲል ከፊታቸው አንብቤ እቀድማቸዋለሁ፣ እሳቸው መታገዛቸውን ልብ አይሉም።

«ስንት ቦታ ሳትኩ?»

«የትም አልሳቱም። በጣም ጥሩ ነው።»

ሳን ሆዜ ልምምድ ላይ ሲደነቃቀፉ አዘጋጁ ጠረጠረ። ከመጋረጃ ጀርባ ቃል የሚያቀብል ሰው ላስቀምጥልዎ ቢላቸው ተቆጡ፤ ድካም ነው ብለው ምንም ያልተሰመረበትን ገጽ አሳዩት። ማታ ግን እኔን ጠየቁኝ። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ሰው ያስፈልገኛል?» ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። ይሉኝታ አፌን ያዘኝና «ኧረ አያስፈልግዎትም» አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእሳቸውን በሽታ የደበቅኩት ግን እኔ ነበርኩ።

የመክፈቻው ቀን እሑድ ከሰዓት ነበር። ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል፣ በየመንገዱ ዳር ፕሪሙ አብቧል፤ እሳቸው መኪናውን እየነዱ ያንጎራጉራሉ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ክፍል በሰላም አለፈ። በሁለተኛው፣ ለልጃቸው የሚናገሩት ረጅም ንግግር መሐል ላይ ቆሙ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። አፌ ውስጥ ነው። እሳቸውም ወደ ተመልካቹ ዞረው በዓይናቸው ይፈልጉኝ ጀመር። እኔ ጨለማ ውስጥ ነኝ፤ ከንፈሬን ባንቀሳቅስ ማን ያየኛል? ብጮህ ማዋረድ ነው፣ ዝም ብል መግደል ነው። ወንበሩን ጨምድጄ ይዤ ቀረሁ። እንደዚያ ቀን አቅም ያነሰኝ ጊዜ የለም። በመጨረሻ ልጃቸውን የሚጫወተው ተዋናይ ወደ ራሱ ንግግር ዘሎ ገባና ትዕይንቱን ዘጋው። በማግስቱ ሚናው ለሌላ ሴት ተሰጠ።

በመክፈቻው ዕለት ማታ በመኪና ስንመለስ፣ ሄይዋርድ ከተማ ስንደርስ ጠየቁኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ «ነግረሽኝ ቢሆን ከመጋረጃ ጀርባ ሰው አስቀምጬ እጫወተው ነበር» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ከዚያ በኋላ የጠራቸው ቲያትር ቤት የለም።

እኔም ዛሬ ሰባ አልፎኛል። ከጥርስ ሐኪሙ ስወጣ ሳኒቬል የምትሠራው ልጄ ልትወስደኝ መጣች። አማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። መኪናው ውስጥ፣ «የምረሳው ነገር እንዳለ ካየሽ ሳታዝኚልኝ ንገሪኝ» አልኳት።

«ዩ አር ፋይን፣ ማሚ» አለችኝ፤ ደህና ነሽ ማለቷ ነው።

ቶሎ ነው ያለችው። ገና ተናግሬ ሳልጨርስ።