ከደብተሬ የተቀዳው ቁጥር

በየዓመቱ ማለት ይቻላል ስለ ማስተማር ዘዴ ሥልጠና እንቀመጣለን። አሠልጣኙ ባለቀለም ወረቀት ያድለንና በቡድን በቡድን ይከፋፍለናል፤ ከዚያ "የምህንድስና ትምህርትን እንዴት እናሻሽል?" ብሎ ይጠይቃል። እኛም "የመሣሪያ እጥረት ይቀረፍ" ብለን ጽፈን ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን። እጥረቱ ውሸት አይደለም። እኔ ቅየሳ በማስተምርበት ኮሌጅ ለአርባ ተማሪ ያለችን ከፍታ መለኪያ አንዲት ሌቭል ናት፤ እሷም ብትሆን የማቆሚያዋ አንዱ እግር በሽቦ የታሰረ ነው። ባለፈው ሥልጠና ግን ወረቀቱ ባዶውን እጄ ላይ ቀረ። ደክሞኛል። ያደከመኝ አንድ ተማሪዬ ላይ የሠራሁት ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አልቻልኩም።

የማስተምረው እንደተማርኩት ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ኖት አስጽፋለሁ፤ ትርጉም፣ ቀመር፣ ከዚያ አንድ የተሠራ ምሳሌ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፤ ፈተና ላይ ያንኑ ይመልሱልኛል፤ እኔም ራይት እሰጣለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔም ማንንም አልጎዳሁም ብዬ አስብ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ተማሪዬ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ደብር ድጓ ሲማር ቆይቶ ዘግይቶ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የመጣ ልጅ ነበር። "መምህር" አይለኝም፤ "የኔታ" ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ስለ ከፍታ ልኬት ስጠይቀው፣ ኖቴን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ምሳሌው ከነቁጥሩ ሳይቀር አንበለበለው። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና ኮራሁ። "እንደሱ ሁኑ" አልኳቸው ሌሎቹን።

በዚያው ዓመት አንድ ፕሮጀክት ከወገዳ መንገድ ወረድ ብላ ላለች መንደር የውሃ ቧንቧ አመጣ። ምንጩ ከላይ ከገደሉ ሥር ነው፤ ሰዉም ከብቱም የሚጠጣበት ገንዳ ታች መንደሩ መግቢያ ላይ ተሠራ። ቦዩን የሚቆፍረው ገበሬው ራሱ ነበር፤ መስመሩን የሚያወጡት ደግሞ የእኔ ተማሪዎች። የፕሮጀክቱ መሐንዲስ በዚያው ቀያሽ ይፈልግ ኖሮ "ጎበዝ ካለህ አሳየኝ፤ ሥራው ካማረ እቀጥረዋለሁ" አለኝ። የድጓውን ልጅ አሳየሁት። ልጁ ይህን ሲሰማ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ይዤ አስቀረሁት። እናቱና ሦስት እህቶቹ የሚጠብቁት እሱን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የመንደሩ ሽማግሌ መጥተው የተከልናቸውን ችካሎች ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ መሀል ላይ ያለችውን ጉብታ በበትራቸው አሳዩን።

"ልጆቼ፣ ውሃ ይችን አይወጣትም። ገብስ የምዘራባት ማሳዬ ናት። ፈሰስ ሳወጣ በግርጌዋ ነው የማዞረው" አሉ። ፈሰስ የሚሉት የክረምት ውሃ ማሳውን እንዳያጥለቀልቀው በማረሻ የሚያወጡትን ቦይ ነው።

ጉብታዋን በዓይን ብታዩዋት ከምንጩ ዝቅ ያለች ትመስላለች። እኔም ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል፤ ከኮሌጃችን ከንፋስ መውጫ ስንመጣ መንገዱ ሲያንገላታን ነው የዋለ። ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ "አባቴ፣ መሣሪያው ይወጣል ይላል" አልኳቸው። መነሻውን አሳይቼ ቀሪውን ለልጁ ትቼለት ነበር፤ ያወጣውን ቁጥር እንኳ መልሼ አላየሁም።

ውቂያው አልቆ ነበርና ገበሬው በደቦ ወጣ። አራት ቀን ቆፈሩ። ጉብታዋ ላይ አለት ቢገጥማቸው በመዶሻ እየፈለጡ አለፉት። ቧንቧው ተቀበረ፤ ምንጩ ተከፈተ፤ ሕዝቡም ገንዳውን ከቦ ጠበቀ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ፀሐይዋ እስክትበረታ ቆምን።

የመስክ ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩት። ልጁ ሌቭሏን ሦስት ቦታ ተክሏታል። በየተከላው መጀመሪያ ከፍታው ወደታወቀው ቦታ ዞሮ፣ እዚያ በቆመው ዘንግ ላይ የሚታየውን ቁጥር ማንበብ ነበረበት፤ ቁጥሩም በየቦታው ይለያያል። ደብተሩ ላይ ግን ሦስቱም ጋ አንድ ነጥብ አራት ሁለት አምስት ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ለምሳሌ ብዬ ያስጻፍኳቸው ነው።

"ይህን ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"እርስዎ የሰጡን አይደል የኔታ?"

"ዘንጉ ላይ ምን አነበብክ?"

"ሌላ ነበር የታየኝ።" አንገቱን ደፋ። "ዓይኔ ነው የሳተ ብዬ ተውኩት።"

ቤተ ልሔም የተማረው እንዲህ ነው። ከመምህሩ የተቀበለውን ዜማ አንዲት ምልክት ቢያዛንፍ ይታረማል፤ ጆሮው ሌላ ከሰማ የተሳሳተው ጆሮው ነው። ለድጓ ይህ ትክክል ነው፤ ሳይበረዝ እዚህ የደረሰውም በዚሁ ነው። እኔ ግን የዘንግ ቁጥር ነበር የሰጠሁት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን "ይህ ምሳሌ ነው፤ ሜዳ ላይ ዓይናችሁን እመኑ" ብዬ አላውቅም። ልጁ በትክክል አይቶ ነበር። እኔን አምኖ ዓይኑን ካደ።

መሐንዲሱ ደብተሩን አላየም። "ጎበዝ ያልከኝ ይህን ነው?" አለኝ ልጁ እየሰማ። "ቆይ፣ እነግርሃለሁ" አልኩት። ያን ዕለት አልነገርኩትም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ስህተቱን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁ። መጀመሪያ ተከላ ላይ መነበብ የነበረበትን ቁጥርም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ዞር ስል ተማሪው ሁሉ ደብተሩን ገልጦ የድሮውን ቁጥር እየሰረዘ አዲሱን ይጽፋል። ጠመኔውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ኖት ማስጻፍ ተውኩና ኳስ ሜዳው ላይ እያወጣሁ ራሳቸው እንዲለኩ አደረግኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ "መምህሩ ማስተማር አቁሟል" ብለው ለዲኑ ከሰሱኝ። ዲኑም ጠርቶ "ኧረ ባክህ ትንሽ ኖት ስጣቸው" አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ መንደሩ ተመለስን። አራት ቀን በከንቱ የደከመን ሰው እንደገና ቆፍር ብሎ መለመን ነው ሥራችን። መኪናው ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ "ልጁ አላጠፋም፣ እንዲህ አድርጌ ያስተማርኩት እኔ ነኝ" ልላቸው። ሽማግሌዎቹ ወይራው ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ልጁ ከሁላችን ቀድሞ ወረደ፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ፊታቸው ተንበረከከ።

"አጥፍቻለሁ፤ ማሩኝ" አለ።

"ማርንህ ልጄ፤ ጣለው" አሉ ሽማግሌው።

ድንጋዩን ጣለ። የኔ ንግግር አፌ ላይ ቀረ። አሁን ምሕረቱ ከወረደ ወዲያ ነገሩን ባልቀሰቅሰው ይሻላል፣ ውሃው ይምጣና እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ። ሰበብ ነበር፤ ያኔም አውቄዋለሁ።

አዲሱን መስመር በጉብታዋ ግርጌ፣ ሽማግሌው ባሳዩን በፈሰሱ በኩል ወሰድነው። ልጁ ሌቭሏ ላይ ጎንበስ ይልና ቀና ብሎ ያየኛል። "ስንት ይሁን የኔታ?" "የታየህን ጻፍ።" ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ተከላ አላየኝም። አነበበና ጻፈ። ሌሊቱን ሁሉ ስሌቱን ደጋግሜ አየሁለት፤ አንድም ስህተት የለበትም። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ነገር አስተማርኩ የምለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ውሃው በመጣ ዕለት መሐንዲሱም ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ከብቱ ሰዉን እየገፋ ገንዳው ላይ ተረባረበ። ሽማግሌው መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

"እንዲህ ያለ ነገር የማይገባው ልጅ ይዘው እርስዎም ለፉ። እግዜር ድካምዎን ይቁጠርልዎት" አሉኝ።

መሐንዲሱ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ከጀርባችን ልጁ ሌቭሏን ሳጥኗ ውስጥ እያስገባ ነበር፤ የሳጥኑ ክዳን ድምፅ ቆመ። ሁሉም አንድ ላይ ነበሩ። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ነበር።

"አሜን" አልኩ።

መሐንዲሱ ሌላ ሰው ቀጠረ። ልጁ ተመረቀ፤ አሁን ንፋስ መውጫ ውስጥ የሰው ባጃጅ ይነዳል። አንዳንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ያገኘኝና ቤቴ ድረስ ያደርሰኛል። ሒሳብ ልሰጠው እጄን ስዘረጋ "ካስተማረኝ ሰው ልቀበል እንዴ የኔታ?" ይለኛል። ብሩን ወደ ኪሴ መልሼ እወርዳለሁ።