መልስ ወይም አካፋ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኑሩ ከወልድያ እኔ ወዳለሁበት መርሳ ድረስ መጥቶ ግጥም አነበበልኝ። የሚሠራው እዚያው ወልድያ በአንድ መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ የውሃ መስመር ሊመረቅ ስለሆነ፣ አለቃው በምረቃው ላይ ግጥም እንዲያቀርብ አዞታል። ግጥሙን የጻፈው ግን እሱ አይደለም፤ ስልኩ ነው። ስለ ምን እንደሆነ ከነገሩት ስልኩ ራሱ ይገጥማል አለኝ። አዳመጥኩት። ቤት ይመታል፣ ቃሉ ያምራል፣ አለቃው ከነማዕረጉ ይመሰገናል፤ ውሃውም ለሁሉም ሰፈር ይደርሳል።

“እውነት ለሁሉም ሰፈር ደርሷል?” አልኩት።

“በግጥሙ ውስጥ ደርሷል አባባ” አለና ሳቀ። “ከገበያው በላይ ያሉት ግን ገና ናቸው።”

እኔ አልሳቅሁም። ይህን ግጥም ከዚህ በፊት የሰማሁት መሰለኝ። ስልክ ባልነበረበት ዘመንም እንዲህ ያለ ግጥም ከላይ ተጽፎ ይመጣልን ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔም ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ከመርሳ ግራና ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ በኩል የአባቴ ማሳ ከወንዙ በተጠለፈ ቦይ ይጠጣ ነበር። ማሳችን ያለው ከቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ከቦይ መጨረሻ ላይ ያደገ ሰው ስለ ፍትሕ ብዙ ያውቃል። ከላይ ያሉት ልባቸው ከቀና ውሃው ይደርሰዋል፤ ካልቀና የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። ፍትሕን ያስተማረኝ ግን ወረቀት አይደለም፤ ቦዩ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ጎርፍ ቦዩን በደለል ይሞላዋል። ያን ጊዜ ከውሃው የሚጠጣ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣና አብሮ ይጠርጋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ባለ ብዙ መሬቱም ባለ አንድ ጥማዱም አንድ ረድፍ ላይ ይቆማል። ሥራው በዘፈን ነው። አንዱ ግጥም ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። በዘፈን መካከል ሽማግሌም ቢሆን “አንተ” ይባላል፤ ቂም መያዝ ነውር ነው። ስሙ በግጥም የተጠራ ሰው በግጥም መመለስ አለበት። መልስ ካጣ የገጣሚውን አካፋ ተቀብሎ፣ መልሱ እስኪመጣለት ድረስ በሱ ፋንታ ይቆፍራል። ደንቡን የሚያስከብሩት ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ ሼህ ይማም ነበሩ።

በዚያ ዓመት ተራው ተበላሽቶ ነበር። መንግሥት ያቋቋመው የአምራቾች ማኅበር የሚባለው ከቦዩ ራስ ላይ ሰፊ ማሳ ያዘ፤ ውሃውም ቀንም ሌትም ወደዚያ ሆነ። ሼህ ይማም ደጋግመው አቤት ቢሉም “ትእዛዝ ነው” ተባሉ። ትእዛዙን የሚያስፈጽመው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይመር ነበር። ይመር ክፉ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት በዚያ ቦይ ላይ እንደሱ ግጥም የሚያወርድ አልነበረም። ሹመቱ ሲመጣ ግን አካፋውንም ግጥሙንም ባንድ ቀን አስቀመጠ።

ከኛ ማሳ አጠገብ ዘሃራ የምትባል ልጅ እግር ሴት ነበረች። ባሏን ለውትድርና ወስደውባት ሕፃኗን አዝላ ብቻዋን ታርሳለች። የተከለችው ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆኖ መታጠፍ ጀምሯል። ያ ሽንኩርት ከደረቀ የዓመቱ ቀለቧ ነው የሚደርቀው።

የጠረጋው ቀን ይመር ካኪውን ለብሶ፣ አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ከወልድያ የተላከ ግጥም ነበርና የይመር የወንድም ልጅ አደም ቆሞ አነበበው።

“አብዮት ፈክቶ ሜዳው ለመለመ፣
በማኅበራችን ድህነት ከሰመ።”

የተቀበለ የለም። ዶማው ብቻ ይሰማል።

“የትኛው ሜዳ ነው የለመለመው?” አለ ከጎኔ የነበረው ሰው ዝቅ ብሎ።

“የወልድያው ይሆናል” አለ ሌላው። “እዚያ ስለጻፉት።”

አደም ደግሞ አነበበ። ያን ጊዜ ዘሃራ ቀና ብላ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ በዚያ በወሎ ቅላጼ፣ ሳትቸኩል አወረደችው።

“ቦዩን ስንጠርገው ሁላችን አንድ ነን፣
ውሃው ሲመጣ ግን ምነው ተለያየን?

ይመር ወንድምዓለም ንገረኝ በሞቴ፣
የማን ተራ ሆኖ ደረቀ አታክልቴ?”

ዶማው ሁሉ ቆመ። ተቀባይ ያጣ ግጥም ገጣሚውን ብቻውን ነው የሚያስቀረው፤ በዚያ ዘመን ብቻን መቅረት ደግሞ የት እንደሚያደርስ እናውቅ ነበር። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ዘሃራ ዓይኗን ከይመር ላይ አላነሳችም።

“የማን ተራ ሆኖ…” አሉ ሼህ ይማም በተሰነጠቀ ድምፃቸው። ሁለተኛው እኔ ነበርኩ። አንደኛ ነበርኩ ብል ደስ ባለኝ፤ አልነበርኩም። ከዚያ ሁሉም ተቀበለ፤ ድምፁ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ዝም ላሰኛት?” አለ አብዮት ጠባቂው።

ሼህ ይማም መሐል ገቡ። “ተው ልጄ፣ ያንተ ጉዳይ አይደለም። ይመር፣ ደንቡን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። መልስ ወይም አካፋ።”

“ሼህዬ፣ እኔ እኮ የታዘዝኩትን ነው” አለ ይመር።

“እሱ መልስ ነው፤ ግን ቤት አልመታም” አሉት። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው።

ያን ሁሉ ግጥም የሚያውቀው ይመር አንድ ስንኝ አጣ። ያጣው ቃል አይመስለኝም። በመጨረሻ የካኪውን እጅጌ ጠቀለለና እጁን ወደ ዘሃራ ዘረጋ። አካፋውን ሰጠችው።

ፀሐዩ አናት ላይ እስኪደርስ ቆፈረ። ምሳ መጣ፤ የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ከጓሮ የተቆረጠ ፓፓያም። እሱ ግን አልተቀመጠም። ካኪው ከጀርባው ረጥቦ ተለጠፈ፤ ደለሉ እስከ ጉልበቱ ለወሰው። ፊቱ ግን እየተፈታ መጣ፤ የድሮው ይመር ከሹመቱ ስር ብቅ ሲል ያየን መሰለን። በድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ።

“አካፋው ጨረሰኝ፣ መልስ አጣሁ ዘሃራ፣
ሐሙስ ሲነጋጋ ያንቺ ይሁን ተራ።”

እንዴት እንደተቀበልንለት አልረሳውም። ሐሙስ ሲነጋ ውሃው ወረደ። ዘሃራ ከቦዩ ጫፍ ሕፃኗን አዝላ ቆማ ጠበቀችው፤ አፈሩ ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ አብረን ሰማን። ሽንኩርቱ ዳነ።

ነገሩ በዚህ አለቀ ብል ግን እዋሻለሁ። በዓመቱ ይመር ከሊቀመንበርነቱ ተነሣ። ቦይ ላይ የሚዘፈነውም አስቀድሞ ታይቶ እንዲፈቀድ ታዘዘ፤ እኛም ከዚያ ወዲያ ዝም ብለን ጠረግን። ያዘዙት ሰዎች የፈሩት ዘሃራን አይመስለኝም። የፈሩት ተቀባዩን ነው።

ይህን ሁሉ ለኑሩ ነገርኩት። “ታዲያ ምን ላድርግ አባባ? እንጀራዬ ነው” አለኝ። ተቆጥቼ የምመልሰው አላጣሁም ነበር፤ ግን እሱም ልጅ ያሳድጋል። “ስልኩ የማን ሰፈር ውሃ እንደሌለው አያውቅም። አንተ ታውቃለህ” ብቻ አልኩት።

ትናንት ለምረቃው ወልድያ ወጣሁ። ሰዉ ለመጣው ንግግር ሁሉ ያጨበጭባል፤ እኔ ደግሞ ለሁሉ የሚጨበጨብበት ቦታ ያስፈራኛል። ኑሩ ወጣና ወረቀቱን ዘረጋ። ምስጋናውን አነበበ። መጨረሻ ላይ ግን ወረቀቱን አጠፈና፣ ቤት ባልመታ በራሱ ቃል፣ “ከገበያው በላይ ላሉትስ መቼ ይሆን?” ብሎ ቆመ።

የሚያጨበጭብ ጠፋ። አለቃው ጫማውን ያያል። ከኋላ ባዶ ጀሪካን የያዘች አንዲት ሴት “እውነቱን ነው፣ ለኛስ መቼ?” አለች።

ሁለተኛው እኔ ነበርኩ።