ሊጡን ያሞቀው ወንድሜ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከሱቅ የተገዛ ባለቀለም ሊጥ ይዛ መጣችና ጭኔ ላይ ዘረገፈችው። ጠጋ ብዬ ባሸተው ሳሙና ሳሙና ይላል። ልቀምሰው ስል "አያቴ፣ አይበላም!" ብላ እጄን ያዘችኝ። የማይበላ ሊጥ ለልጅ መስጠት የማን ብልሃት እንደሆነ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሊጥ ድንብላል የሚሸት፣ ደግሞም ትምህርት ቤት ያስገባኝ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጊዜው የጃንሆይ፣ አገሩ ቆሰበር፣ ዛሬ እንጅባራ የሚሉት። በዚያ ክረምት አባባን የምጨቀጭቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ። መልሳቸውም አንድ ነበር፦ "ሴት ልጅ ደብተር ከያዘች ዳቦውን ማን ሊጋግረው ነው?" ሐምሌ ገብርኤል ሲደርስ የማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ሆነ። እናቴ ግን ዳንግላ ለቅሶ ሄዳ፣ ስትመለስ ወንዝ ሞልቶባት ከማዶ መቅረቷን መንገደኛ ነገረን። አባባ ጎረቤት ሊለምኑ ሲነሡ ከፊታቸው ተገተርሁ።

"እኔ እጋግረዋለሁ። ከጋገርሁ ግን ያስገቡኛል።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ሊጡን ኩፍ አድርገሽ ሙሉ ዳቦ ካወጣሽ መስከረም ላይ ራሴ እወስድሻለሁ። ካበላሸሽው ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ" አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

ማቡካቱንስ አውቅበታለሁ። እናቴን ስንት ጊዜ አይቻታለሁ! የቸገረኝ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድሜ አንለይ ነበር። አዊኛና አማርኛ እየደባለቀ ይኮላተፋል፤ የቡሃቃውን አፍ ከያዘ አይለቅም። ቁራሽ ሊጥ ስሰጠው ይጠፈጥፈዋል፣ መሬት ላይ ያንከባልለዋል፣ ለዶሮ ያቀምሰዋል፤ ሲጠቁር ለእኔ መልሶ "ሌላ!" ይላል። እንዲህ እያለ አንድ እንጎቻ የሚያህል ሊጥ ጨረሰብኝ።

የቆሰበርን የሐምሌ ብርድ ያየ ያውቀዋል። ሊጡ ከጠዋት እስከ ቀትር ዝም አለ። ምድጃ ዳር ባስጠጋውም እንጨቱ እርጥብ ነውና ጭሱ እኔን ብቻ አስለቀሰኝ። ትምህርት ቤቱ ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ። በዚህ መሀል አንለይን እንቅልፍ ጣለው። ላለብሰው ጎንበስ ብል ሆዱ ትኩስ ነው። ቡሃቃውን ጎትቼ እጎኑ አስቀመጥሁና፣ ሁለቱንም በአንድ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ለዳቦው የሚሆን የኮባ ቅጠል ልቆርጥ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ዝናብ ይዞኝ ቆይቼ ስመለስ ነቅቶ ቁጭ ብሏል። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ቡሃቃው ውስጥ ነው፤ ፀጉሩ ሊጥ፣ ጋቢው ሊጥ። ኩፍ ብሎ የነበረው ሁሉ ተንፍሶ ተኝቷል። መታሁት። አልዋሽም፣ ጀርባውን መታሁት። እሱ ግን ሳያለቅስ ጭብጥ ሙሉ ሊጥ ዘርግቶ "እንቺ" አለኝ። ስቀበለው ሞቋል፤ ጣቴ መሀል ቀስ እያለ ይነፋል። ልቤ መለስ አለልኝ።

እጁን አጠብሁትና አብሮኝ አቦካ። ከዚያ ቡሃቃውን መሀል አድርገን፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ ጋደም አልን። እንዳይነካው እጁን ይዤ ስንት ተረት ከራሴ እንደፈጠርሁለት! አመሻሽ ላይ ሊጡ ክዳኑን ገፋ። በኮባ ጠቅልዬ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጌ ጋገርሁት።

በማግስቱ የማኅበሩ ሽማግሌ ዳቦውን ባርከው ቆረሱና "የማን እጅ ነው?" አሉ። "የእኔ!" አልሁ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። አንለይ እግራችን ሥር ፍርፋሪ ይለቅማል። አባባ አንዴ ጎረሱ፣ ደገሙ፣ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚሉ ሰው ነበሩና መስከረም ላይ እጄን ይዘው አስመዘገቡኝ።

አድጌም አርባ ዓመት ያህል አስተማርሁ። ዛሬ ሴት ልጅ ትማር አትማር ብሎ ከእኔ ጋር የሚከራከር አባት የለም፤ ዳቦውም ከሱቅ ይመጣል፤ እኔም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። አንለይ ለትምህርት ሲደርስ አባባ "አንዷ ተምራለች፣ ይበቃል። ከብቱን ማን ሊይዝ ነው?" አሉ። ለራሴ ስሆን እንደዚያ የተዋዋልሁት ደፋሯ ልጅ፣ ለእሱ አንድ ቃል አልተናገርሁም።

አሁን ከሚኖርበት ከአዲስ ቅዳም ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከጽሕፈት ቤት የተሰጠውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ "እስቲ እታለም፣ ምን ይላል?" ይለኛል። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነብለታለሁ። ወረቀቱን አጣጥፎ "ዕድሜ ይስጥሽ" ብሎ ሲመርቀኝ ዓይኑን ማየት ያቅተኛል።